ቅቤ የነካው ክር

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ በመኝታ ክፍላችን ያሉት ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልካቸውን ያበራሉ። ክፍሉ ወዲያው ነጭ ይሆናል፣ ወሬውም ከቆመበት ይቀጥላል። እኔ ግን እጄ የሚይዘው ያጣል። ተነስቼ የተነጠፈ አልጋ እንደገና አነጥፋለሁ፤ ደብተሮቼን እደረድራለሁ፤ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ይሉኛል። ምንም አልጠፋብኝም። የስልክ መብራት ግን የሚከረከም ጫፍ የለውም፤ ከፍ ዝቅ የሚደረግ ክርም የለውም። እኔ ደግሞ መብራት እየጠበቅኩ ነው ያደግኩት።

ያደግኩት ከጂንካ ወጣ ባለችው ካኮ፣ ገበያው ዳር ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከጎፋ በኩል ሥራ ፍለጋ መጥቶ የስፌት መኪናውን አንድ በረንዳ ላይ አስቀመጠ፤ እዚያው ቀረ። እኔ ትንሽ ሳለሁ ቤታችን ኤሌክትሪክ አልነበረም። የነበረን ኩራዝ ነው፦ ባዶ የወተት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ በምስማር ተበስቶ፣ በቀዳዳው ከቆርቆሮ የተጠቀለለች ቀጭን ቱቦ ገብታ፣ በቱቦዋ ውስጥ ደግሞ ክሩ። ታች ላምባው፣ ላይ እሳቱ። ጎረቤቱ ሁሉ መብራት ሲደክምበት ላምባውን ይወቅሳል። አባቴ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የክሩ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር ይከራከራል።

ክሩን የሚያወጣው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ከመኪናው ሥር ካለው ካርቶን አንዱን ቁራጭ አንስቶ ጫፉን በክብሪት ይለኩሰዋል፣ ወዲያው ያጠፋዋል፣ ከዚያ የተቃጠለውን በጣቶቹ ያሸዋል። ጥጥ ከሆነ ግራጫ አመድ ሆኖ ይበናል። ቴትሮን ከሆነ ይሸበሸብና ጥቁር ጠጠር ሆኖ ጣት ላይ ይጣበቃል። «ይሄ ላምባ አይጠጣም» ይለኛል ጠጠሩን እያሳየኝ። «ይቀልጣል እንጂ አያበራም።» አንድ ጊዜ እኔም ልሞክር ብዬ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ጫፍ ለኩሼዋለሁ። ጠጠር ሆነ። እናቴ ያን ቀን ያደረገችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ጥጥ የሆነውን ቁራጭ ይተለትለዋል፣ ሦስቱን ትልታይ አንድ ላይ ይገምዳል። ሲገምድ ብዙ አያከርረውም፤ የከረረ ክር ላምባውን ወደ ላይ አይስብም። በጣም የላላው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይስብና ይጨሳል። በቱቦዋ ሲያልፍ ትንሽ መያዝ አለበት፣ መታነቅ ግን የለበትም። በመጨረሻ ጣቱን ከእናቴ ቅል ቅቤ ያስነካና ክሩን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ይስበዋል። የቆመው ጸጉር ሁሉ ይተኛል። በመርፌ ቀዳዳ አልገባ ያለውን ክርም የሚያስተኛው እንዲሁ ነው። ይህን ቅቤ ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ ኋላ የደረሰው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ከአባቴ ያልወረስኩት ነገር ቢኖር ትዕግሥቱን ነው። ኩራዙ ሥር ተቀምጬ ሳነብ በየገጹ መርፌ አንስቼ ክሩን ከፍ አደርጋለሁ፤ ይጨሳል። ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ይፈዛል። የከሰለውን ጫፍ እነካካለሁ፤ ፍሙ ደብተሬ ላይ ይወድቃል። ጠዋት አፍንጫዬ በጥላሸት ተሞልቶ እነሳለሁ። ክር የሚከረከመው ጠዋት፣ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በመቀስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ስንት ጊዜ ነግሮኛል።

«ተዪው እስኪ» ይለኛል። «እሳት ሕፃን ልጅ አይደለም፣ በየደቂቃው አፍንጫው አይጠረግም።»

እተወዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ መርፌዋ እጄ ላይ ትገኛለች።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ጂንካ ገባሁ። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ክፍል ተከራይቼ ነው የተማርኩት፤ አብራኝ የምትኖረው ከጎረቤት ከተማ ከገዘር የመጣች ልጅ ነበረች። አከራያችንን እማማ ነው የምንላቸው። ባላቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ከሩቅ አገር ወደ ጂንካ ተመደቡ፣ እሳቸውም ተከትለው መጡ፤ ባላቸው ሲያርፉ ግን ወደ አገራቸው አልተመለሱም። አንድ ልጅ አላቸው፣ ሹፌር ነው። እኛ ከመምጣታችን ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ወይጦ ቆላ ቁልቁለቱን ሲወርድ መኪናው ተገለበጠበት። ለቀናት ነፍሱን አላወቀም ነበር። እማማ ያኔ ለማርያም ተሳሉ። ልጄን ካተረፍሽልኝ፣ በየወሩ በሃያ አንድ፣ በእጄ ከፈተልኩት ክር የተሠራ አሥራ ሁለት ጧፍ ይዤ እመጣለሁ፣ እጄ እስከሠራ ድረስ፣ አሉ። ልጁ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ አንድም ወር አጓድለው አያውቁም።

እኔ በመጣሁበት ዓመት ግን ጣቶቻቸው መታጠፍ ጀምረው ነበር። መፍተሉን እንደምንም ይችሉታል፤ መግመዱና ሰም ማልበሱ አቃታቸው። የንስሐ አባታቸውን ሲጠይቁ፣ ፈትሉ የእርስዎ እስከሆነ ሌላ ሰው ቢያግዝዎ ግድ የለም አሏቸው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ከክሩ ጋር ሲታገሉ አየሁና አጠገባቸው ቆምኩ።

«ልርዳዎት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ጴንጤ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ክር መግመድ ትችያለሽ?»

«የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው ምን ቆመሽ ታይኛለሽ፣ ነይ።»

ማታ ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጧፍ አይበራም፤ ቅር ይለው ይሆን ብዬ ስልኩን ይዤ በግቢው ስዞር ነበር። «ስለቱ የእሳቸው ነው» አለኝ በመጨረሻ። «አንቺ ክሩን በደንብ ገምጂላቸው።»

የጧፍ ክር እኔ ከማውቀው የኩራዝ ክር ይለያል። ኩራዝ ውስጥ ክሩ ላምባውን ይስባል እንጂ ራሱ ብዙም አያልቅም፤ ጧፍ ግን ከክሩ ጋር አብሮ ነው የሚያልቀው። ክሩ ከወፈረ ሰሙን ቶሎ ይበላዋል፣ ይጨሳልም፤ ከቀጠነ ደግሞ የቀለጠው ሰም ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። እማማ የሚፈትሉት ማግ ነው፣ ሸማኔ በድሩ መሐል የሚያስገባው ለስላሳና ላላ ያለ ፈትል። ድሩ የከረረ ስለሆነ ሰም አይጠጣም። ማጉን አምስት አድርጌ እገምዳለሁ፤ ቋጠሮ እንዳይኖርበት በጣቴ እየዳሰስኩ አልፋለሁ፣ ምክንያቱም ቋጠሮው ጋ ሲደርስ እሳቱ ይዘላል። ከዚያ በሙቅ ውሃ ላይ በቆርቆሮ በቀለጠው ሰም ውስጥ እስበዋለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ ደግሜ እስበዋለሁ። ሳይደርቅ በለሰለሰ ጣውላ አንከባልለዋለሁ። ሰፈፉ፣ ጥሬው ሰም፣ የሚመጣው ከገዘር ነው፤ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ወንድም በሚኒባስ ያመጣልናል።

ይህን ሥራ እወደው ነበር። እጄ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አግኝቶ አረፈ። እማማ ግን ብዙ አያመሰግኑም፤ እኔ ደግሞ ምስጋና የምጠብቅ ልጅ ነኝ፣ ይህን ልደብቅ አልችልም። የተጠናቀቁትን ጧፎች አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ይመለከታሉ። ጎርበጥ ያለ ቦታ ሲያገኙ ምንም አይሉም፤ ጣታቸው ግን እዚያ ላይ ትንሽ ይቆያል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም ነው ነገሩ የሆነው። የመጋቢት ማርያም ሦስት አራት ቀን ሲቀራት እማማ ፈትሉን ሰጥተውኝ ወደ ቅዳሴ ሄዱ። አየሩ ደርቆ ነበር፤ ክሩም እንደ ድመት ጭራ ጸጉሩ ቆሟል። የእማማ ጣት ስለደከመ ፈትሉ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል። ገምጄ አየሁት፤ ፈታሁት፤ ደግሜ ገመድኩት። ሰም ሲለብስ እንደሚጎረብጥ ገና ሳይነከር ይታየኛል። ተነሳሁ፣ ግቢውን ዞርኩ፣ ተመለስኩ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ቅቤ ነበረኝ። አባቴ በገበያ ቀን በሰው የላከልኝን በክዳን ዕቃ አድርጌ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። በጾም በእማማ ቤት ቅቤ አይገባም፤ እኔና ጓደኛዬ በራችንን ዘግተን ነበር የምንበላው፣ ሽታው እንዳያስቸግራቸው ብለን። ይህን ያህል እየተጠነቀቅኩ ክሩ ላይ ማድረጉ እንዴት አላሳሰበኝም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ምግብ አልመሰለኝም፣ ይኸው ነው መልሴ። ለእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቅቤ የሚበላም፣ የሚቀባም፣ ክር የሚያስተኛም ነገር ነው። ጣቴን አስነካሁና የአሥራ ሁለቱንም ክር ከላይ እስከ ታች ሳብኩት። እንደ ሐር ተኛ።

እንደዚያ ያሉ ጧፎች ሠርቼ አላውቅም። ቀጥ ያሉ፣ የለሰለሱ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት። እማማ ከቅዳሴ ተመልሰው ዳሰሷቸው፤ አውራ ጣታቸው የትም አልቆመም። አንዱን ወደ ብርሃኑ አንስተው ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት።

«እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «እኔ እንኳ በደህና ጊዜዬ እንዲህ አልሠራሁም።»

በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ምስጢሩን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሚቀጥለው ወር ላይ ስሠራ አሳያቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በአሥራ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ የጓደኛዬ ወንድም ከገዘር አዲስ ሰፈፍ አመጣ። እማማ ትንሽ ቆንጥረው በፊት ጥርሳቸው ነከሱት። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጠየቅኩ።

«ሞራ እንዳለበት ነዋ የማየው። አንድ ጊዜ አንዱ ነጋዴ ሞራ ቀላቅሎ ሸጦልኝ፣ ለካ ሳላውቅ ስድስት ጧፍ ሠርቼበታለሁ። ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩት።»

«ስድስቱንም?»

«ታዲያ ምን ላደርገው? ከከብት የወጣ ስብ መቅደስ ይዤ ልገባ? ያውም በጾም።» ሰሙን ከጥርሳቸው ላይ በጣታቸው አነሱ። «ይሄ ደህና ነው። አይጣበቅም።»

የያዝኩትን ወንፊት አስቀመጥኩ። ደግሜ አነሳሁት። እማማ ሌላም ነገር አወሩኝ፣ አልሰማሁትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጭ ጥቅል ላለማየት አንገቴ እስኪያመኝ ወደ በሩ ዞሬ ቆምኩ።

ማታ ለጓደኛዬ ነገርኳት። እሷ የትም ቢሆን ጋደም እንዳለች እንቅልፍ የሚወስዳት፣ በምንም ነገር የማትደነግጥ ልጅ ናት።

«ዝም በዪ በቃ» አለችኝ። «ሲነድ ማን ያውቃል?»

«እማማ ስለቴን አገባሁ ብለው ይመለሳሉ። ሳያገቡ።»

«አላወቁማ። ያላወቁት ነገር በእሳቸው ላይ ይቆጠራል?»

«በእኔስ?»

«አንቺ ጴንጤ ነሽ፣ ስለት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» ብርድ ልብሷን ጎተተች። «ደግሞ ተቀመጪ እባክሽ፤ ስትዞሪ አልጋው ይነቃነቃል።»

እንደ እምነቴ ከሆነ ጧፉ በሰም ቢሠራ በቅቤ እኔን አይመለከተኝም። መኪናው የተገለበጠበት ልጅ የእማማ ነው፤ ቃሉን የገቡት እሳቸው ናቸው። ግን ያን ቃል ለስንት ዓመት አንድ ወር ሳያጓድሉ ይዘውት የቆዩትን ሰው፣ እኔ ሳያውቁት ላጓድልባቸው ነው። ከነገ ወዲያ ጥቅሉን ይዘው ሲወጡ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ሁሉ ገለበጥኩ፤ አንዱም አልገባኝም። ዕረፍት ላይ ወጥቼ አልተመለስኩም። ከትምህርት ገበታ ቀርቼ አላውቅም ነበር። ቀጥታ ወደ ገበያ ሄድኩ፤ ሐሳቤ ነጭ የጥጥ ክር ገዝቼ፣ እማማ ለማታ ጸሎት ሲወጡ አዲስ አሥራ ሁለት ጧፍ ሠርቼ፣ ማንም ሳያውቅ ጥቅሉን ለመለወጥ ነበር። ሰሙ አለ። ክር ብቻ ነው የጎደለኝ።

አንዱ ሱቅ ውስጥ ነጭ ክር አገኘሁ። ጫፉን ቆረጥ አድርጌ ክብሪት ጫርኩበት።

ባለሱቁ ከመደርደሪያው ኋላ ብድግ አለ። «እህቴ፣ ልብስ ልትሰፊ ነው ወይስ ሱቄን ልታነጂ?»

«ጥጥ መሆኑን ለማየት ነው።»

«እኔን ብትጠይቂኝ አይሻልም? እኔ አልጨስም።»

አመዱ በጣቴ መሐል በነነ። ንጹሕ ጥጥ ነው። ገዛሁት፣ ጡቴ ሥር ሸሸግኩት፣ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ወደ ቤት አመራሁ። መንገዱ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ በኩል ያልፋል። ሜዳው መሐል ስደርስ ክሩን ከደረቴ አውጥቼ አየሁት፤ ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም፣ እጄ ነው ያወጣው። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነበር። አንድም ቦታ አልወፈረም፣ አንድም ቦታ አልቀጠነም። በመኪና የተፈተለ ነው።

የእማማ ክር እንዲህ አይደለም። የእሳቸው ክር ጣታቸው የደከመበት ቦታ ሁሉ ያስታውቃል። ስለቱ ደግሞ ጧፍ ማለት ብቻ አይደለም፤ በእጄ የፈተልኩት ነው ያሉት። ቅቤውን ሳላውቅ ነው ያደረግኩት። ይህን ግን እያወቅኩ ላደርገው ነው።

እዚያው ቆምኩ። ወደ ሱቁ ዞርኩ፤ ምን ልለው ነው? ወደ ቤት ዞርኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። ሳር የሚግጡት ከብቶች ዙሪያዬን አልፈው ሄዱ። አንድ ሰውዬ ብስክሌቱን እየገፋ ሲያልፍ «ዕቃ ጠፋብሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስዞር ፊቴ ወደ ቤት ሆነ፤ ደግሜ ሳልዞር ልድረስ ብዬ ሮጥኩ።

እማማ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር።

«ትምህርት የለም?»

«አለ። እማማ፣ ጧፉ ቅቤ አለበት።»

ምስሩን መልቀማቸውን አላቆሙም። የሰሙኝ አልመሰለኝም፤ ልደግመው አፌን ስከፍት «የትኛው?» አሉ።

«ሁሉም። ክሩ እንዲለሰልስ ብዬ ጣቴን ቅቤ አስነክቼ ሳብኩት። አባቴ ለኩራዝ እንደዚያ ያደርጋል። አላወቅኩም ነበር። ትናንት ስለ ሞራው ሲነግሩኝ ነው ያወቅኩት።»

«አሥራ ሁለቱንም?»

«አሥራ ሁለቱንም።»

ሰፌዱን ከጭናቸው አውርደው ወደ ጎን አደረጉት። ፊታቸው አልተቆጣም፣ አልተለወጠም። «ትናንት አወቅሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ ደግሞ ቀኑ ተጋምሷል።» ከቅቤው ይልቅ የከፋቸው ይኸው እንደሆነ ገባኝ። ትናንት ብነግራቸው አንድ ሙሉ ቀን ነበራቸው።

ተነስተው ከቤት እንዝርታቸውንና የቀረችውን ባዘቶ ይዘው ወጡ። አንድ እፍኝ የማትሞላ የተነደፈች ጥጥ ናት። ተቀመጡና መፍተል ጀመሩ።

«ምን ላግዝዎ?»

«ምንም።»

«ውሃ ላሙቅ? ሰሙን ላቅልጥ?»

«ቁጭ በዪ አልኩሽ። እጅሽን ሰብስቢ።»

ቁጭ አልኩ። እጄን ብብቴ ሥር ከተትኩት። እንደዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የረዘመ ጊዜ አላውቅም። እንዝርቱ ይሽከረከራል፤ ክሩ ይወጣል፤ አውራ ጣታቸው ሲያቅተው ይበጠሳል፤ ጫፉን በምራቃቸው አርሰው ያጋጥሙታል፤ ደግሞ ይሽከረከራል። በየመሐሉ ጣታቸውን ዘርግተው ያጥፉታል፣ ፊታቸው ይኮማተራል። እኔ በአምስት ደቂቃ የምሠራው ነገር ይመስለኛል። ብድግ ልል እልና እንዝርቱን ሳይ እቀመጣለሁ። መፍተል ያለበት የእሳቸው እጅ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለታችንንም አይታ ወደ ክፍላችን ገባች።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትጠጋ እንዝርቱን አስቀመጡ። የሦስት ጧፍ ክር ነበር። ባዘቶዋም አልቃለች፣ ጣታቸውም።

«አሁን ታጠቢ» አሉኝ።

በአመድ ታጠብኩ፣ በሳሙና ደገምኩ፣ እስከ ክርኔ። እጄን ዘረጋሁላቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት፣ በጣቶቼ መሐል ሳይቀር። «ድገሚ» አሉኝ። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ክሩን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

ጸጉሩ ቆሟል፤ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። እንዳለ ገመድኩት። እጄ ሊያስተካክለው ይፈልጋል፤ ከለከልኩት። ጧፎቹ ሲጠናቀቁ የጎረበጡ፣ ትንሽ የተጣመሙ ሦስት ነገሮች ነበሩ። እማማ ዳሰሷቸው፤ አውራ ጣታቸው በየቦታው ቆመ፣ አለፈ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩን ከፈትኩላቸው። ከዚያ እስኪመለሱ ድረስ ከበር ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በር ስመላለስ ቆየሁ። ሲመጡ ነጠላቸውን አወለቁ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተቀመጡ። መጠየቅ ፈራሁ፤ አለመጠየቅም አልቻልኩም።

«የንስሐ አባትዎ ምን አሉ?»

«‹ዘጠኝ ይቀራል› አሉኝ። ‹አውቃለሁ› አልኳቸው።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ አንቺ ማን አነሳ?» አሉና እግራቸውን ዘረጉ።

ያን ቀን ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። «እኔ ለኩራዝ ነው ያስተማርኩሽ» አለ፣ እሱ ራሱ ያጠፋ ይመስል። ከሳምንት በኋላ በሰው አንድ ጆንያ የወይጦ ጥጥ ላከ። ፍሬው ተለቅሞ ወጥቷል፤ በበረንዳው ላይ ተቀምጦ በእጁ እንደለቀመው ያመጣው ሰው ነገረን። መልእክትም ነበረው። ለእማማ ንገሩልኝ፣ ጥጡን መልቀም ከጀመርኩበት ቀን አንስቶ ቅቤ አልነካሁም፣ ብሏል። እማማ ይህን ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ነገር ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ዘጠኙ በአንድ ወር አልተሞላም። ለሚያዝያ ማርያም የወሩን አሥራ ሁለት ከዕዳው አምስት ጋር አደረሱ፤ አውራ ጣታቸው አብጦ በጨርቅ ታስሮ ነበር። የቀረው አራት ግንቦት ላይ ሞላ። በየቀኑ አጠገባቸው ተቀምጬ እንዝርቱን አያለሁ፤ ካላሉኝ አልነሳም።

ቅቤ የነካቸውን አሥራ ሁለቱን አልቀበሯቸውም። ጥቅሉን ከግድግዳው አውርደው ሰጡኝ። «ለመቅደስ አይሆኑም። ለፈተናሽ ግን ያበራሉ» አሉ። የዚያ ሰሞን መብራት በየቀኑ ይጠፋ ነበር፤ ለማትሪክ ያጠናሁት በእነሱ ነው። ላያቸው እንደዚያ ለስላሳ ሆኖ ሲነዱ ግን አያርፉም፤ በቅቤው ውስጥ የቀረች ውሃ አለች መሰለኝ፣ እሳቱ እሷ ጋ በደረሰ ቁጥር ጠቅ ይላል፣ ይዘላል።

«ጧፍሽ እየተሳደበ ነው» ትለኛለች ጓደኛዬ ከብርድ ልብሷ ሥር።

ጠቅ ባለ ቁጥር ቀና እላለሁ። መቀስ አጠገቤ ነበር፤ አልነካኋቸውም። አንድ በአንድ አለቁ።

አሁን የምማረው እዚያው ጂንካ ነው። በየወሩ አሥራ ስምንት ወይም አሥራ ዘጠኝ ቀን ላይ ከግቢ ወጥቼ በባጃጅ እማማ ቤት እሄዳለሁ። በር ላይ ይጠብቁኛል። ሰላምታ እንኳ አይቀድምም።

«እጅሽን አምጪ።»

እዘረጋለሁ። ያሸታሉ፣ በጣቶቼ መሐል ሳይቀር።

«ምሳ ምን በላሽ?»

«ሽሮ።»

«በምን የተሠራ?»

«በዘይት፣ እማማ። የግቢ ሽሮ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ ግቢ ቅቤ የት አግኝቶ» ይላሉና ክሩን መዳፌ ላይ ያስቀምጣሉ።

ፈትላቸው ካለፈው ዓመት ይልቅ ሻክሯል። የሚበጠስበት ቦታ በዝቷል፤ የተጋጠመው ሁሉ እንደ ስንዴ ቅንጣት ያብጣል። ባለፈው ወር አምስቱን ስገምድ አንዷ እብጠት ላይ ጣቴ ቆመ። ትንሽ ብፈታው፣ ትንሽ ባሸው ይስተካከል ነበር። እማማ ቀና ብለው አላዩኝም፤ እንዝርታቸውን ይዘው ለሚቀጥለው ወር ጀምረዋል። ጣቴን አነሳሁና ቀጣዩን ክፍል መግመድ ቀጠልኩ።